ስለ አርክቲክ በረዶና ስለ አትላንቲክ ዝውውር የሚወጡ ዘገባዎችን እንዴት እንመርምር?

ስለ አርክቲክ የባሕር በረዶ የሚወጣ ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልኮች አንዱን ይይዛል፤ ወይ በረዶው ምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር ነግሮ ያቆማል፣ ወይም ከመቅለጡ ተነሥቶ በአንድ ዝላይ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዝውውር (ሞቃት ውሃን በላይ ወደ ሰሜን ወስዶ ቀዝቅዞ የሰመጠውን በጥልቁ ወደ ደቡብ የሚመልሰው ፍሰት) ሊቆም ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። የበረዶው መቅለጥ የባሕሩን ውሃ እንዴት እንደሚለውጥ፣ የተለወጠው ውሃ በየት በኩል እንደሚጓዝና የት ሲደርስ ዝውውሩን ሊነካ እንደሚችል የሚያስረዳው መካከለኛ ክፍል ሳይነገር ይቀራል። ይህ መመሪያ አንባቢው ያንን የተዘለለ ክፍል ራሱ እንዲሞላና የሚያነበውን ዘገባ በዚያ እንዲመዝን የተዘጋጀ ነው። ለውቅያኖስ ዝውውር ወሳኙ ጥያቄ ምን ያህል በረዶ ቀለጠ የሚለው አይደለም፤ ጨው አልባው ውሃ ወዴት ሄደ፣ መቼስ ደረሰ የሚለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ስለ ሰሜኑ ባሕሮች ሲነገር ክረምት የሚለው ቀዝቃዛውን፣ በጋ የሚለው ሞቃቱን ወቅት ያመለክታል።

በመጀመሪያ ጨውና በረዶ የሚሠሩትን በዓይን ይመልከቱ

ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው በውሃ ክብደት ላይ ስለሆነ ማንኛውንም ግራፍ ከመክፈት በፊት በወጥ ቤት የሚሠራ አንድ ሙከራ ማድረግ ይጠቅማል። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ አጥልለው በበረዶ መሥሪያ ውስጥ ያድርጉና እስኪረጋ ድረስ ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት። ከዚያም ያልቀዘቀዘ ውሃ በሁለት ብርጭቆዎች እኩል ይቅዱ፤ ለአንደኛው በሊትር 35 ግራም በሚል ስሌት ጨው ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉት። ሚዛን ከሌለ ለአንድ ሊትር ሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ ይህ የውቅያኖስ ውሃ አማካይ ጨዋማነት ነው። የሁለቱም ብርጭቆዎች ውሃ እስኪረጋጋ ጠብቀው በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቀይ በረዶ በቀስታ ያስቀምጡና ሳይነካኩ ይከታተሉ።

ጨው በሌለው ብርጭቆ ውስጥ ከበረዶው የሚለቀቀው ቀይ ውሃ ቀዝቃዛ በመሆኑ በዙሪያው ካለው ውሃ ይከብዳል፤ በቀጭኑ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በምትኩ ሞቅ ያለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ በረዶውም ፈጥኖ ያልቃል። በጨዋማው ብርጭቆ ውስጥ ግን ቀዩ ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ቢቀዘቅዝም ጨው ስለሌለው ከሥሩ ካለው ጨዋማ ውሃ ይቀላል፤ በረዶውም በገዛ ቀዝቃዛ ውሃው ተከቦ ዘግይቶ ይቀልጣል። በዚህ ሁኔታ ከታች ያለው ውሃ ከላይ ካለው አየር ጋር ሙቀት የሚለዋወጥበት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። በሰሜን አትላንቲክ ይደርሳል ተብሎ የሚፈራው ነገር በመሠረቱ ይህ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ውሃው በነፋስና በማዕበል መናወጡና በምድር መዞር ምክንያት ወደ ጎን መጠምዘዙ ነው።

ተቃራኒውን ሂደት ለማየት ደግሞ በዚያው ስሌት አዲስ ጨዋማ ውሃ አዘጋጅተው በፕላስቲክ ኩባያ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡና ግማሽ ያህሉ ሲረጋ ያውጡት። በረዶውን ለይተው በጥቂት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ካለቀለቁ በኋላ ይቅመሱትና ሳይረጋ ከቀረው ፈሳሽ ጋር ያነጻጽሩት። ፈሳሹ ከመጀመሪያው ይበልጥ ጨዋማ፣ በረዶው ደግሞ ያነሰ ጨዋማ ሆኖ ያገኙታል። የባሕር ውሃ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል፤ ሲረጋም አብዛኛውን ጨው ወደ ሥሩ ውሃ ያስወጣል። ስለዚህ በረዶ በሚሠራበት ቦታ ውሃው ይከብዳል፣ በሚቀልጥበት ቦታ ይቀላል። በረዶው በነፋስና በውሃ ፍሰት ተገፍቶ ብዙ ጊዜ ከተሠራበት ቦታ ርቆ ስለሚቀልጥ ጨው አልባ ውሃን ከአንድ ባሕር አንሥቶ ወደ ሌላ ባሕር ያደርሳል። በአንድ ክረምት ተሠርቶ እዚያው በተሠራበት ቦታ የሚቀልጥ በረዶ በዓመቱ መጨረሻ የባሕሩን የጨው ሂሳብ እምብዛም አይለውጠውም፤ ተጉዞ የሚቀልጠው ግን ይለውጠዋል።

የስፋት ግራፍን ሲያነቡ

የባሕር በረዶን ስፋት በየዕለቱ ከሚያሳውቁት ተቋማት በስፋት የሚጠቀሰው በኮሎራዶ፣ ቦልደር የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የበረዶ መረጃ ማዕከል ነው። ተከታታይ የሳተላይት መረጃ የሚጀምረው ከ1978 መጨረሻ ነው። በግራፉ ላይ የሚታየው ስፋት ቢያንስ 15 በመቶው በበረዶ የተሸፈነን እያንዳንዱን የባሕር ክፍል ሙሉ በሙሉ እንደተሸፈነ ቆጥሮ የሚደምር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በመሆኑም የተበታተነ ስስ በረዶና የተጠቀጠቀ ወፍራም በረዶ በዚህ ግራፍ ላይ እኩል ሊታዩ ይችላሉ።

በረዶው በማርች ወር 15 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ በሴፕቴምበር ወደ ትንሹ ስፋቱ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው የሚመዘገበው በእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ስለሆነ ወቅቱን ማስታወስ አያስቸግርም። ከ1981 እስከ 2010 ያለው የሴፕቴምበር አማካይ 6.4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ2012 የተመዘገበው ዝቅተኛ ስፋት 3.39 ሚሊዮን ነበር፤ ይህ ክብረ ወሰን እስከ 2025 ድረስ አልተሰበረም። ይህን ይዞ በረዶው አገግሟል የሚል ጸሐፊ አለ፤ በአንድ መጥፎ ዓመት ተነሥቶ በረዶው በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ፈጽሞ ይጠፋል ብሎ የተነበየም ነበረ። ሁለቱም የተሳሳቱት ከዓመት ዓመት የሚኖረውን መዋዠቅ ከረጅሙ ዘመን አዝማሚያ ጋር በማደባለቃቸው ነው። ከ1979 ጀምሮ ያለውን መሥመር በሙሉ ለሚያይ ሰው የመቀነሱ አቅጣጫ አያጠራጥርም።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከስፋቱ ይልቅ ውፍረቱ ይበልጣል፤ የጨው አልባውን ውሃ መጠን የሚሰጠው ስፋቱ በውፍረቱ ሲባዛ ነውና። ውፍረቱ የሚለካው በረዶው ከውሃው በላይ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚታይ ከጠፈር በመለካት ሲሆን፣ ከ2010 ጀምሮ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ክራዮሳት 2 የተባለው ሳተላይት ይህን ሲሠራ ቆይቷል። ብዙ በጋዎችን ያለፈው ወፍራም በረዶ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ስስ በረዶ ተተክቷል። ስለዚህ ስፋትን ብቻ የሚጠቅስ ዘገባ ስለ ውቅያኖስ ዝውውር የሚናገርበት መሠረት ገና አልያዘም። ስፋቱ በቀጥታ የሚነግረን የፀሐይ ብርሃንን ጉዳይ ነው፤ አመዳይ የለበሰ የባሕር በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ወደ ላይ ሲመልስ፣ ክፍት ባሕር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይመጥጣል።

እዚህ ላይ በባሕር የሚንሳፈፈውን በረዶ በምድር ላይ ከተከመረው የግሪንላንድ ግግር መለየት የግድ ነው። ብዙ ዘገባዎች ሁለቱን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። የሚንሳፈፈው በረዶ ቀድሞውኑ በክብደቱ ልክ ውሃ ስለገፋ ሲቀልጥ የባሕርን ወለል ከፍታ አይለውጥም ማለት ይቻላል፤ የግሪንላንድ ግግር ግን ወደ ባሕር ሲገባ ከፍታውን ይጨምራል። ግሬስ በተባሉት የስበት ለኪ ሳተላይቶች ከ2002 ጀምሮ በተሰበሰበው መረጃ መሠረት ግሪንላንድ በአማካይ በየዓመቱ 270 ቢሊዮን ቶን ገደማ በረዶ አጥታለች። የባሕር በረዶ የሚሰጠው ውሃ ከባሕሩ የተበደረው ነው፤ የግሪንላንድ ግን ለባሕሩ አዲስ ነው፣ የሚፈስሰውም ለዝውውሩ ወሳኝ በሆኑት ባሕሮች ዳር ነው።

ውሃውን በካርታ ላይ መከተል

ለዚህ ሥራ የሰሜን ዋልታን ከላይ የሚያሳይ ካርታ ያስፈልጋል፤ በግድግዳ ላይ የምንሰቅለው የተለመደው የዓለም ካርታ ዋልታውን ስለሚዘረጋው አያገለግልም። በቅድሚያ መግቢያዎቹን ያግኙ። ከሳይቤሪያ ኦብ፣ ዬኒሴይና ሌና፣ ከካናዳ ደግሞ ማኬንዚ ወንዝ ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ ይፈስሳሉ። ይህ ውቅያኖስ ከዓለም የውቅያኖስ ውሃ 1 በመቶ ያህሉን ብቻ የያዘ ሆኖ ሳለ ከዓለም ወንዞች ውሃ አሥር በመቶ ገደማ የሚሆነውን ይቀበላል። በቤሪንግ ሰርጥ በኩል የሚገባው የፓሲፊክ ውሃም ከአትላንቲክ ውሃ ያነሰ ጨው አለው። የአርክቲክ የላይኛው ውሃ ቀላል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኖርዌጂያዊው አሳሽ ፍሪትዮፍ ናንሰን ከ1893 ጀምሮ ፍራም በተባለችው መርከብ ከበረዶው ጋር ሲንሳፈፍ ከቀዝቃዛው የላይኛ ውሃ ሥር ሞቅ ያለና ጨዋማ የአትላንቲክ ውሃ መኖሩን በመለኪያው አረጋግጧል። ያ የታችኛው ሙቀት ቢወጣ በረዶውን በብዙ ሊያቀልጠው ይችላል፤ እንዳይወጣ የያዘው በላዩ ያለው ቀላል ውሃ ነው። ጨው አልባው ውሃ በአርክቲክ ውስጥ የበረዶው ጠባቂ ሲሆን ወደ አትላንቲክ ሲወጣ ግን ሌላ ሚና ይይዛል።

ቀጥለው መውጫዎቹን ያመልክቱ። አንደኛው በግሪንላንድና ስቫልባርድ በተባሉት የኖርዌይ ደሴቶች መካከል ያለው የፍራም ሰርጥ ሲሆን ከአርክቲክ የሚወጣው በረዶ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ ነው። ሁለተኛው በካናዳ ሰሜናዊ ደሴቶች መካከል አልፎ በዴቪስ ሰርጥ በኩል ወደ ላብራዶር ባሕር የሚወርደው መንገድ ነው። በመጨረሻም ውሃው በክረምት ቀዝቅዞ የሚሰምጥባቸውን ቦታዎች ያክብቡ፤ እነዚህም በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በኖርዌይ መካከል ያሉት ባሕሮች፣ ከግሪንላንድ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የኢርሚንገር ባሕርና የላብራዶር ባሕር ናቸው። መውጫዎቹና መስመጫዎቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ካርታው ራሱ ያሳያል።

በዚህ መንገድ ላይ ግን አንድ ትልቅ ማከማቻ አለ። ከአላስካና ከካናዳ በስተሰሜን በቦፎርት ባሕር ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ እያዞረ ወደ መሃል ይሰበስበዋል። በዚህ ዑደት ውስጥ ከ20,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በላይ ጨው አልባ ውሃ ተከማችቷል፤ ክምችቱም ከ1990ዎቹ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሲጨምር ቆይቷል። ነፋሱ ሲዳከም ወይም አቅጣጫ ሲለውጥ ከዚህ ክምችት የተወሰነው ወደ አትላንቲክ ሊለቀቅ ይችላል። በመሆኑም በአርክቲክ ብዙ በረዶ የቀለጠበት ዓመትና ብዙ ጨው አልባ ውሃ አትላንቲክ የደረሰበት ዓመት አንድ መሆናቸው የግድ አይደለም፤ በመካከላቸው ዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። አንድ ዘገባ ያለፈውን በጋ መቅለጥ ከዘንድሮው የአትላንቲክ ሁኔታ ጋር በቀጥታ ካያያዘ ይህን የማከማቻ ጊዜ ዘልሏል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት በባሕር ተመራማሪዎች ዘንድ ታላቁ የጨዋማነት መዛባት ተብሎ ከሚታወቀው ክስተት የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከወትሮው የበዛ በረዶና ቀላል ውሃ በፍራም ሰርጥ ወጥቶ በግሪንላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በአይስላንድ የባሕር ዳርቻም በረዶ በብዛት ታየ። ትርፉ ጨው አልባ ውሃ ወደ 2,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ውሃው ላብራዶር ባሕር ሲደርስ ከላይ እንደተሠራው ሙከራ ሽፋን ሆነ፤ በዚያ ከሚቆመው የአየር ሁኔታ መከታተያ መርከብ የተወሰዱት ልኬቶች ከ1968 እስከ 1971 ባሉት ክረምቶች ጥልቁ መስመጥ መቆሙን አሳይተዋል። በ1971 መጨረሻና በ1972 መጀመሪያ የመጣው እጅግ ቀዝቃዛ ክረምት ግን መስመጡን መልሶ አስጀመረው። ቀላሉ ውሃ ሰሜን አትላንቲክን ዞሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ መጣበት አካባቢ ተመለሰ። ክስተቱ አንድ የመስመጫ ቦታን ለጥቂት ዓመታት ዘግቷል፤ መላውን ዝውውር ግን አላቆመም። ዘገባ ሲያነቡ የተጠቀሰውን የውሃ መጠን ከዚያ 2,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ጋር ማነጻጸር ጥሩ ልማድ ነው፤ በምን ያህል ጊዜ ውስጥና ወደ የትኛው ባሕር እንደሚገባም ጨምረው ይጠይቁ።

ዝውውሩ ተዳከመ ሲባል

አሞክ በሚል ምሕጻር የሚጠራው የአትላንቲክ ዝውውር ሞቃትና ጨዋማ ውሃን በላይ በኩል ወደ ሰሜን ወስዶ፣ ቀዝቅዞ የሰመጠውን ውሃ በጥልቁ በኩል ወደ ደቡብ ይመልሳል። ባሕረ ሰላጤው ዥረት ወይም ገልፍ ስትሪም የሚባለው ከዚህ ጋር ይገናኛል እንጂ ራሱ አይደለም፤ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በነፋስና በምድር መዞር ኃይል ስለሆነ ነፋስ እስካለ ድረስ ይቆማል ተብሎ አይጠበቅም። ገልፍ ስትሪም ሊቆም ነው የሚል ርዕስ ሲያዩ ጸሐፊው ሁለቱን እንዳልለየ ይወቁ።

የዝውውሩ መለኪያ ስቨርድሩፕ ሲሆን አንዱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ነው። የዓለም ወንዞች ሁሉ ተደምረው ከአንድ ስቨርድሩፕ ብዙም አይበልጡም፤ አሞክ ግን በ26.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ሲለካ በአማካይ 17 ስቨርድሩፕ ገደማ ነው። ይህን የሚለካው ራፒድ የተባለው የመሣሪያዎች ሰንሰለት በ2004 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በ2009 እና በ2010 ዝውውሩ ለአንድ ዓመት ያህል በ30 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ እንደገና ሲያገግም ለማየት በቅቷል። በ2014 ደግሞ ኦስናፕ የሚባል ሌላ መሥመር ከላብራዶር በግሪንላንድ በኩል እስከ ስኮትላንድ ተዘረጋ፤ ውጤቱም ብዙዎች ትልቁን ድርሻ የሰጡት ላብራዶር ባሕር ሳይሆን ከግሪንላንድ በስተምሥራቅ ያለው ክፍል ይበልጥ ወሳኝ መሆኑን አሳየ። ከዚህ በፊት የተጻፉ ብዙ ማብራሪያዎች በዚህ ረገድ መታረም አለባቸው።

ከ2004 በፊት ስለነበረው ዘመን ሲነገር ቁጥሩ በቀጥታ የተለካ ሳይሆን ከሌላ ምልክት የተገመተ መሆኑን ያረጋግጡ። በብዛት የሚጠቀሰው ምልክት ከግሪንላንድ በስተደቡብ የሚገኘው፣ ዓለም ሲሞቅ ያልሞቀው የባሕር ክፍል ነው። ይህን የዝውውሩ መዳከም አሻራ አድርገው የሚወስዱ ተመራማሪዎች አሉ፤ የነፋስና የደመና ለውጥም ድርሻ አለው የሚሉም አሉ። በተጨማሪም የዝውውሩን መዳከም ሁሉ ለጨው አልባ ውሃ መስጠት ትክክል አይደለም፤ የባሕሩ ወለል ራሱ መሞቁም ውሃውን ስለሚያቀልለው መስመጡን ይቀንሳል።

ስጋቱን ቀላል የማያደርገው የውቅያኖስ ተመራማሪው ሄንሪ ስቶመል በ1961 በቀላል የሂሳብ ሞዴል ያሳየው ነገር ነው። ዝውውሩ ራሱ ከደቡብ ጨው ያመጣል፤ ከተዳከመ የሚያመጣው ጨው ይቀንሳል፣ ጨው ሲቀንስ የሰሜኑ ውሃ ይበልጥ ይቀላል፣ መስመጡም እንደገና ይዳከማል። በዚህ ሞዴል ዝውውሩ ሁለት የጸኑ ሁኔታዎች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ካለፈ በኋላም ምክንያቱን በማስወገድ ብቻ ወዲያው አይመለስም። በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ባወጣው ግምገማ ዝውውሩ በዚህ ምዕተ ዓመት የመዳከም ዕድሉ በጣም ከፍተኛ መሆኑን፣ ከ2100 በፊት በድንገት አይቆምም የሚለው ግን በመካከለኛ እርግጠኝነት ብቻ የሚባል መሆኑን ገልጿል። ከዚያ ወዲህ አደጋው ከተገመተው ይበልጣል የሚሉ ጥናቶች ወጥተዋል፤ የማይስማሙባቸውም አሉ። መካከለኛ እርግጠኝነት የሚለውን ሐረግ አይሆንም ብሎ መተርጎምም፣ አይቀርም ብሎ መተርጎምም ስሕተት ነው።

ከዝናብ ጋር ሲያያዝ

አሞክ ሙቀትን የምድር ወገብን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ስለሚወስድ ሲዳከም ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በአንጻራዊነት ይቀዘቅዛል፤ የሐሩር ክልል የዝናብ መቀነትም ወደ ደቡብ ይሸሻል። የኢትዮጵያ ክረምት ይህ መቀነት ወደ ሰሜን በመምጣቱ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከሰሜን አሜሪካ ግግር የተነቀሉ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች ሰሜን አትላንቲክን በተደጋጋሚ ሞልተውት ነበር፤ ጭነውት የመጡት ጠጠርና አሸዋ በውቅያኖሱ ወለል ላይ ይገኛል፣ ክስተቶቹም በ1988 ጥናቱን ባሳተመው በሃርትሙት ሃይንሪሽ ስም ይጠራሉ። ከመካከላቸው የመጨረሻዎቹ አንዱ ከደረሰበት ዘመን፣ ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ጣና ሐይቅ ደርቆ እንደነበር ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል ይመሰክራል።

ይህን ማስረጃ የሚጠቅስ ሰው ግን ሁለት ጥንቃቄዎችን አብሮ መያዝ አለበት። በዚያ ዘመን ዓለም በአጠቃላይ ቀዝቃዛ ነበረች፣ ወደ ባሕሩ የገባው በረዶም ዛሬ ከሚታየው እጅግ የላቀ ነበር፤ ስለዚህ ጣና የሚያሳየው የግንኙነቱን መኖርና አቅጣጫ እንጂ የሚመጣውን መጠን አይደለም። በሌላ በኩል የክረምት ዝናባችን ከዓመት ዓመት የሚለዋወጠው በአብዛኛው በኤል ኒኞና በሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ምክንያት ነው። የአንድን ዓመት ድርቅ ከአርክቲክ በረዶ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ጽሑፍ ካገኙ እነዚህን ሁለቱን ጠቅሶ እንደሆነ ይፈልጉ፤ ካልጠቀሰ ሊታመን አይገባም።

ጉዳዩን በቋሚነት መከታተል ለሚፈልግ ሰው በሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ የበረዶውን ዝቅተኛ ስፋት፣ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ደግሞ የውፍረቱን መረጃና በፍራም ሰርጥ የሚወጣውን በረዶ መመልከት ይበቃዋል። የአሞክ መረጃ በዚህ ፍጥነት አይመጣም። የራፒድ መሣሪያዎች ከባሕሩ ወለል ጋር ታስረው የሚቆዩ ሲሆን መርከብ ሄዳ አውጥታ እስክታነባቸው ድረስ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ አሞክ በዚህ ወር ተዳከመ የሚል ዘገባ ከእነዚህ መሣሪያዎች ልኬት የመጣ ሊሆን አይችልም፣ ከሞዴል ወይም ከባሕር ወለል ሙቀት የተገመተ መሆኑን ታሳቢ አድርገው ያንብቡት።